ጧሪ ያጡ አረጋውያንና የጋራ ቤት፦ ቅሬያችን ከቀብር በፊት ምን ሊሠራ ይችላል?



በወሎ ሰው ሲሞት ብቻውን አይቀበርም። ቅሬው ይጠራራል፤ መቃብሩ ይቆፈራል፤ ለቀስተኛው ይስተናገዳል። ሳይመጣ የቀረ አባል ይጠየቃል፣ ይቀጣል። ደንቡ ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ነው። ያው ሰው ግን ከመሞቱ በፊት ባሉት ዓመታት፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ ዓይኑ ፈዞ፣ እሳት የሚያነድለት ሲያጣ፣ ሰፈሩን የሚያጠራራ ደንብ የለም። ጎረቤት ሲሞላለት ያያል፣ ሳይሞላለት ይቀራል። ይህ ጽሑፋችን በዚህ ክፍተት ላይ ያተኩራል። ክፍተቱን ለመሙላት በተለያዩ አገሮች የተሞከረውን፣ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች በማኅበር ተደራጅተው የሚያስተዳድሩትን የአረጋውያን የጋራ ቤት እናብራራለን። በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ቢሞከር ምን እንደሚጠይቅም እናያለን።

የጋራ ቤት ሲባል ምን ማለት ነው?

የጋራ ቤት ሆስፒታል አይደለም፤ ብዙ መቶ ሰዎች የሚኖሩበት ትልቅ ማዕከልም አይደለም። ተራ የሰፈር ቤት ነው። ከስድስት እስከ ዐሥር የሚሆኑ፣ ብቻቸውን መኖር የከበዳቸው አረጋውያን ይኖሩበታል። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክፍልና ቁልፍ አላቸው። የራሳቸውን አልጋ፣ መስገጃና ሳጥን ይዘው ይገባሉ። ምግቡ ግን የጋራ ነው፤ የምታበስለው ሠራተኛ ደመወዝ ይከፈላታል። የቀረውን ሥራ፣ ማለትም ጥየቃውን፣ ልብስ አጠባውን፣ ጤና ጣቢያ መውሰዱንና ሒሳቡን የሚይዙት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። አረጋዊው ከሚያውቀው መስጂድ፣ ከሚያውቀው ገበያና ከሚያውቃቸው ሰዎች አይርቅም።

ጥያቄው ለምን ዛሬ ተነሣ?

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደሴ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዙሪያዋ እንደ ወግዲ፣ አማራ ሳይንት፣ ከላላና ለጋምቦ ያሉ ወረዳዎች አሉ። አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ገደላማና ደጋማ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከደቡብ ወሎ ዞን ነዋሪ ከመቶ 70 የሚሆነው ሙስሊም ሆኖ ተመዝግቧል። አብዛኛው ሕዝብ በእርሻ ይኖራል።

በዚህ አገር የእርጅና ዋስትና ልጅ ነበር። ልጅ ያረሳል፣ ምራት ታበስላለች፣ የልጅ ልጅ ውሃ ያቀርባል። ይህ ሰንሰለት በየዘመኑ ተበጥሷል። የ1977ቱ ድርቅ ብዙ ቤተሰብ ጨረሰ፤ የዚያን ጊዜው ሰፈራ ደግሞ ብዙ የወሎ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወሰደ። በዚያ ዓመት የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ሰው ዛሬ ስድሳን አልፏል። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ደግሞ መሬት ጠበበው። ወንዱ ለቀን ሥራ ወደ ሌላ አገር ወረደ፤ ሴቷም ወንዱም ወደ ዐረብ አገር ተሰደዱ። ገንዘብ የሚልክ አለ፤ ድምፁ የጠፋም አለ። የሚላክ ገንዘብ ራሱ ውሃ አይቀዳም፣ እንጀራ አይጋግርም።

የመንግሥት ጡረታ የሚደርሰው ተቀጥሮ ለሠራ ሰው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች እንኳ በጡረታ የታቀፉት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ገበሬውና የጉሊት ነጋዴዋ በዚህ ውስጥ የሉበትም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው። ይህ ግን የእህል ወይም የገንዘብ ድጋፍ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ለውዱእ ውሃ የሚያሞቅ ሰው ለሌላት እናት ስንዴው ብቻውን መፍትሔ አይሆናትም። ስንዴውን የሚፈጭና የሚጋግር ያስፈልጋታል።

ዲናችን መጀመሪያ ልጁን ይጠይቃል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣው ሥጋት አለ፤ ልክም ነው። «እንዲህ ያለ ቤት ከተከፈተ ልጆች ወላጆቻቸውን እየጣሉ አይሄዱም ወይ?» ይባላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ግልጽ ማድረግ ይገባል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ ከቁጥር 23 እስከ 24 ባሉት አንቀጾች እርሱን ብቻ ከማምለክ ቀጥሎ ለወላጅ በጎ መዋልን አዟል። ወላጆች እኛ ዘንድ ሲያረጁ የመሰልቸት ድምፅ እንኳ እንዳናሰማቸው ከልክሏል። «እኛ ዘንድ» የሚለው መልእክት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የእርጅና የመጀመሪያው ቦታ የልጅ ቤት ነው። ዑለማዎችም የተቸገሩ ወላጆችን ቀለብ መሸፈን በሚችል ልጅ ላይ ግዴታ መሆኑን አስቀምጠዋል። ከዚህ የተነሣ ልጅ ቀለባቸው በእርሱ ላይ ግዴታ ለሆነ ወላጆቹ ዘካውን መስጠት አይችልም፤ ቀለባቸው ዕዳው ነውና። ዐረብ አገር ሆኖ ለአባቱ የሚልከውን ገንዘብ «ዘካዬ ነው» የሚል ወንድም ካለ ይህን ከዓሊም ይጠይቅ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ወላጅና ልጅ በችግር ጊዜ እርስ በርስ ቀለብ እንዲሰጣጡ ያስገድዳል።

ስለዚህ የጋራ ቤቱ ልጅን የሚተካ አይደለም። የሚያገለግለው ሦስት ዓይነት ሰዎችን ነው። የመጀመሪያዎቹ ልጅ የሌላቸው ወይም ልጆቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። ሁለተኛዎቹ ልጃቸው ራሱ ታማሚ ወይም ችግረኛ የሆነባቸው ናቸው። ሦስተኛዎቹ ልጃቸው ርቆ ገንዘብ የሚልክ፣ ቤት ውስጥ ግን ሰው የሌላቸው ናቸው። የሦስተኛዎቹ ልጆች የወላጃቸውን ወጪ ይከፍላሉ፤ ይህ ለቤቱ የሚሰጥ ሰደቃ ሳይሆን ለወላጅ የሚከፈል ነፈቃ ነው። ልጅ እያለው፣ ልጁም እየቻለ የተጣለ አረጋዊ ሲገኝ ደግሞ የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ ሽማግሌ መላክ ነው። ወሎ ለሽምግልና ባዕድ አይደለም።

ከእኛ በፊት የሠሩት

ወቅፍ ማለት ዋናው ተይዞ ፍሬው ለአላህ ብሎ የሚሰጥ ሀብት ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥና እንዳይወረስ አድርገው ፍሬውን ለድሆች፣ ለዘመድና ለመንገደኛ ማዋላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሙስሊሞች በዚህ መንገድ መስጂድና መድረሳ ብቻ አልሠሩም፤ መኖሪያም ሠርተዋል። በካይሮ በ684 ዓመተ ሒጅራ የሱልጣን በይበርስ ልጅ ሪባጥ አል-በግዳዲያ የተባለውን ቤት ለሸይኻ ዘይነብ አሠርታለች። በውስጡም የተፈቱና ባል የለቀቃቸው ሴቶች በክብር ይኖሩና ዕውቀት ይቀስሙ ነበር።

በኢስታንቡል ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ዳግማዊ ያሠሩት ዳሩል አጀዛ በ1896 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተከፈተ። ስሙ የደካሞች ቤት ማለት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ መስጂድ፣ ቤተ ክርስቲያንና የአይሁድ ምኩራብ አለው፤ ዛሬም እየሠራ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ውስጥ ለሚገኝበት ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

በእንግሊዝ ደግሞ ሪቻርድ ካር-ጎም የተባለ ሻለቃ በ1955 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጦር ሠራዊት ለቀቀ። ለንደን ውስጥ በርመንሲ በተባለ የሠራተኞች ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን እየዞረ ቤት ይጠርግ ነበር። ከሠራዊቱ ባገኘው የስንብት ገንዘብ ተራ ቤት ገዝቶ ብቸኞቹን አብረው እንዲኖሩ ጋበዛቸው። በማግስቱ ዓመት አቢፊልድ የተባለው ማኅበር ተመሠረተ። መንገዱ ቀላል ነው፦ በየከተማው የአካባቢው ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር ያቋቁማሉ፤ አንድ ቤት ያዘጋጃሉ፤ ጥቂት አረጋውያን የየራሳቸውን ክፍል ይዘው ማዕድ ይጋራሉ። አሠራሩ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻግሯል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ችግሩ የቤት እጦት ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ጣራ ያለውም ሰው በብቸኝነት ይጎዳል።

በአገራችን የሁሉም ሰው አርአያ የሆነው በየክብር ዶክተር ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ በጥቂት ሰዎች ተጀምሮ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ይጦራል፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም ይረዳዋል። መቄዶንያ መንገድ ላይ ለወደቀና ለታመመ ሰው መጠለያ ነው። የእኛ ሐሳብ ደግሞ ሰው ከመውደቁ በፊት በሰፈሩ እንዲያዝ ነው። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አይጋፉም።

በእጃችን ያለው

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው ድርጅት አለ፤ ቅሬው ነው። አባላቱን በስም ያውቃል፤ መዋጮ ይሰበስባል፤ የሚቀጣበት ደንብ አለው፤ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ሕይወት ላለው ሰው መሸከም ለቅሬ አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ሀብታችን የደረሳ ልምድ ነው። እንደ ዳና፣ ገታና ጀማ ንጉሥ ያሉ የወሎ የዒልም ማዕከላት ሲታነጹ ደረሳው የሚቀራው ሰፈርተኛው በሚያቀርበው ምግብ ነበር። ከሩቅ የመጣን ተማሪ የመገበ ሰፈር የራሱን አረጋዊ መመገብ አያቅተውም። ሦስተኛው የእናቶች የዱዓ ጀመዓ፣ ዱበርቲዎቹ ናቸው። ማን እንደታመመ፣ ማን ከቤት ሳይወጣ እንደሰነበተ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ጅጌው ደግሞ ቤቱን ያቆማል፣ አጥሩን ያጥራል፣ ማገዶውን ያመጣል።

ሒሳቡ ሲሠራ

ስምንት ሰዎች የሚኖሩበትን ቤት እናስብ። በሴፍቲኔት ለአንድ ሰው ለወር የሚሰጠው መለኪያ 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነው። በዚህ ብናሰላ ለስምንት ሰው በዓመት 14 ኩንታል ከ40 ኪሎ እህልና 3 ኩንታል ከ84 ኪሎ ጥራጥሬ ያስፈልጋል። በአንድነት 18 ኩንታል ከ24 ኪሎ ይሆናል። ይህን አንድ መቶ አባወራ ያለው አንድ ቅሬ ቢሸከመው ለአንድ ቤት በዓመት 18 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል፤ አምስት ቅሬ ቢጋራው ደግሞ ከ4 ኪሎ አይበልጥም።

በዘካ በኩል ስንመለከተው፣ በዝናብ ከለማ እህል ዘካው ከዐሥር አንድ ነው። ከአንድ የእህል ዓይነት 20 ኩንታል ያገባ ገበሬ 2 ኩንታል ያወጣል። የሰባት እንዲህ ያሉ ገበሬዎች ዘካ 14 ኩንታል ነው፤ የስምንት ሰው የዓመት እህል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

ጉልበቱም እንዲሁ ይሰላል። በየቀኑ ሁለት ሰው ተራ ቢወጣ በሳምንት 14 ተራ ነው። 60 በጎ ፈቃደኞች ቢገኙ ለአንዱ ተራው የሚደርሰው በወር አንድ ጊዜ ነው። በዚያ ዕለት ውሃ ይቀዳል፣ ጥፍር ይቆርጣል፣ ቁርኣን ይቀራል፣ ጨዋታ ይጫወታል።

ገንዘቡ እንዳይቀላቀል

የቤቱ ገቢ በየዓይነቱ መያዝ አለበት፤ በእያንዳንዱ ላይ የሸሪዓ ድንጋጌ ስላለ።

ዘካ፦ ተቀባዮቹ በሱረቱ ተውባህ ቁጥር 60 ተወስነዋል። በወሎ በሚታወቁት በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀቦች ዘካ ለድሃው በእጁ የሚገባ ሀብት መሆን አለበት። ስለዚህ ግድግዳ ለመገንባትና ለሠራተኛ ደመወዝ ከዘካ ከማውጣት በፊት ዑለማዎችን መጠየቅ ግድ ነው። ለችግረኛው ሙስሊም ነዋሪ እህል፣ ልብስና መድኃኒት ግን በስሙ ሊደርሰው ይችላል።

ሰደቃ፦ ሰፊ ነው። ለግንባታ፣ ለደመወዝ፣ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይውላል። ዑመር (ረ.ዐ.) ሲለምን ያገኙትን ዓይነ ስውር አይሁዳዊ ሽማግሌ ቤታቸው ወስደው እንደረዱትና ከበይተል ማል እንዲሰጠው እንዳዘዙ አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ ዘግበዋል።

ፊድያ፦ በእርጅና ወይም በማይድን ሕመም ረመዷንን መጾም ያልቻለ፣ አቅም ያለው ሰው ለየቀኑ ድሃ ያበላል። ይህ ምግብ ለቤቱ ችግረኞች ሊደርስ ይችላል።

ወቅፍ፦ ለቤቱ ዘላቂነት የሚሰጠው ይህ ነው። በአገራችን ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚወቀፈው ቤቱ፣ ሱቁ ወይም ወፍጮው ይሆናል። ከአንድ ወፍጮ የሚገኝ ገቢ የአንዲት ሠራተኛ ደመወዝ ከሸፈነ ቤቱ በየወሩ ልመና አይወጣም።

ለሕመም ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዱ የዞናችን ተሁለደሬ ነበር። ማኅበሩ የነዋሪዎቹን መታወቂያ ማሳደስ ወይም መክፈል ለማይችሉ የተመደበውን ድጋፍ ማስጠየቅ አለበት።

መጠንቀቅ የሚገባን

አንደኛ፣ መሬት። ብዙ አረጋዊ የቀረው ሀብት የእርሻ ይዞታው ነው፤ ለጧሪ መሬት ማስተላለፍም በክልላችን የታወቀ ነው፤ በፍርድ ቤት የሚያጨቃጭቅም ነው። ማኅበሩ ከነዋሪ መሬት በስጦታም በኑዛዜም ላለመቀበል በደንቡ ላይ ይጻፍ። መሬቱን ለእኩል የሚያርሰው ሰው ድርሻውን በትክክል ማምጣቱን ግን ይከታተል። ይህ ካልሆነ «ለመሬቱ ነው የጦሩት» የሚል ሐሜት አንድ ዓመት ሳይሞላ ቤቱን ያፈርሰዋል።

ሁለተኛ፣ ክብር። ዛሬ እርዳታ ሁሉ በስልክ ይቀረጻል። ሌሊቱን ሲያለቅሱ ያደሩ እናት ፊት ስልክ ደቅኖ ማስመስገን የሰደቃን አጅር ያጠፋል፤ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 264 ሰደቃችንን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል። ለጋሹ ሒሳብ ይታይ እንጂ የአረጋዊው ፊት አይታይ።

ሦስተኛ፣ አብሮ መኖር። የወንዶችና የሴቶች ክፍል ይለይ። ሙስሊምና ክርስቲያን ነዋሪ ካለ የዘወትሩ ወጥ ሽሮና አትክልት ቢሆን ጣጣ የለውም፤ ሥጋ ሲመጣ በወሎ ሠርግ እንደለመድነው እርዱም ድስቱም ይለያል። ማንም በሃይማኖቱ አይጎትት፤ ለሁሉም የጾሙ ወቅት ይከበርለት።

አራተኛ፣ የአቅም ገደብ። አልጋ ላይ የዋለ ወይም አእምሮው የታመመ ሰው ከበጎ ፈቃደኛ በላይ የባለሙያ እንክብካቤ ይፈልጋል። ለእርሱ ወደ ጤና ተቋም ወይም ወደ ትልልቅ ማዕከላት የሚወስድ መንገድ አስቀድሞ ይታወቅ።

አምስተኛ፣ ሕጋዊነት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም። ቅሬው በእምነት ብቻ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ቤትና ወፍጮ በማኅበር ስም ለማስመዝገብ ሲፈለግ ግን የሕግ ሰውነት ይጠይቃል። ከወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እና ከእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ ጋር ከመጀመሪያው መነጋገር ነገ «ቤቱ የማን ነው?» ከሚል ክርክር ያድናል።

ከየት እንጀምር?

ቤት ከመሥራት አንጀምር። ከመዝገብ እንጀምር። እያንዳንዱ ቅሬ በሚቀጥለው ስብሰባው አንድ ጥያቄ ያንሣ፦ ከአባሎቻችን መካከል ብቻውን የሚያድር፣ የሚያበስልለት የሌለው አረጋዊ ማን ነው? ስማቸው ይመዝገብ፤ ለእያንዳንዳቸው ጠያቂ ይመደብ፤ ለሦስት ወር በየቤታቸው ይታዩ። አንዳንዶቹ በቤታቸው ምግብ ቢደርሳቸው የሚበቃቸው ሆነው ይገኛሉ፤ መንቀሳቀስ አይፈልጉም፤ አይገደዱም። ከአንዳንዶቹ ልጆች ጋር እርቅ ይወርዳል። የቀሩት፣ «ሰው ባለበት ባድር» የሚሉት፣ ለጋራው ቤት የመጀመሪያ ነዋሪዎች ይሆናሉ። ቁጥራቸው ሦስት ከሆነ በሦስት ክፍል ኪራይ ይጀመር።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለትንሹ የማያዝንንና የትልቁን ክብር የማያውቅን ሰው ከእኛ አይደለም ብለው አስጠንቅቀዋል። እነዚህ አረጋውያን ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ቅሬ ከፍለዋል፤ የስንቱን ሰው ቃሬዛ ተሸክመዋል። ዕዳው የእኛ ነው፤ የሚከፈለውም እነርሱ በሕይወት እያሉ ነው።

አላህ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን መጨረሻቸውን ያሳምርላቸው፤ እኛንም ከጧሪዎች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።